የእድራችን አስነባቢ

የመምህር ይግዛውን ሞት የሰማሁት ደጀን ላይ ሽሮ አዝዤ ስጠብቅ ነው። ከአዲስ አበባ እየተመለስኩ ነበር። አውቶቡሳችን የዓባይን በረሃ እያቃሰተ ወጥቶ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ለምሳ ወርደናል። ስልኬ ጮኸ። የደወለው አያ ምንይችል ነው፤ የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ። የጡሩምባ ነፊ ስልክ በደስታ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

«ጸሐፊ፣ መምህር ይግዛው አረፉ» አለኝ።

«ምን ትላለህ! መቼ?»

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ። ቀብሩ ነገ ነው። እኔ ግን ጭንቅ ውስጥ ነኝ፤ ጡሩምባውን ይዤ መንገድ ላይ ተገትሬአለሁ። የየትኛው እድር አባል ሞቱ ብዬ ልንፋ?»

ሽሮው መጣ፣ እየፈላ መጣ፣ እዚያው ፊቴ ቀዘቀዘ። በእኛ አገር ሰው ያለ ሚስት ይኖራል፣ ያለ ሹመትም ይኖራል፤ ያለ እድር ግን አይሞትም። መምህር ይግዛው ይህንን ጠንቅቀው እያወቁ ሞቱ። በሰፈራችን አራት እድር ነበረ፤ ከአራቱ በአንዱም አልተመዘገቡም ነበር። እንዴት እዚህ እንደደረስን ለማስረዳት ሰውየውን ማሳወቅ አለብኝ።

መምህር ይግዛው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። የጉንደ ወይን ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዜማ ጀምረው፣ ድምፃቸው አልሆን ቢል ወደ አስኳላ የዞሩ ናቸው። «ሳይንስ እኔን ያገኘኝ በጉሮሮዬ ጥፋት ነው» ይሉ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት ሴል እንዲከፈል ወይም እንዳይከፈል በሚያዝዙ ፕሮቲኖች ላይ ነው። በትምህርቱ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይባላሉ፤ እሳቸው ግን «አስነባቢ» ብለው ሰየሟቸው። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ ሌላ ነገር ያለ አይመስላቸውም። ጤፍ ሲወደድ፣ ሰርግ ሲፈርስ፣ ርእሰ መምህር ሲሻር፣ ምክንያቱ ያው አስነባቢ ነው። ሲያስረዱ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ይቀስራሉ፤ ቆቅ የሚያነጣጥር አዳኝ ነበር የሚመስሉት።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሳይንስ የተማርኩት በእረፍት ሰዓት፣ በመምህራን ክበብ፣ ሻይዬ እየቀዘቀዘ ነው።

«ስማ» ይሉኛል፤ «በእያንዳንዱ ሴልህ ውስጥ ሙሉ መጽሐፍ አለ። የዓይንህም የጉበትህም መጽሐፍ አንድ ነው። ታዲያ ዓይንህ ለምን ሐሞት አያመነጭም?»

«ዓይኑ ሐሞት የሚያመነጭ ሰውማ ሞልቷል» አልኳቸው፤ ዩኒት ሊደሩን እያየሁ።

አልሳቁም። በሴል ላይ መቀለድ አይወዱም።

«ምክንያቱም ሁሉ ገጽ አይነበብም። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል? አይወጣውም። የዕለቱን ምንባብ የሚያሳየው አለ። አስነባቢ ማለት እሱ ነው። ገጹ ራስጌ ላይ ይቀመጥና አንባቢውን ጠርቶ ‹ከዚህ ጀምር› ይለዋል። ወይም ገጹ ላይ ተጋድሞ ‹ይህ ዛሬ አይነበብም› ይላል። ራሱ ግን አንዲት ቃል አያነብም። ገባህ?»

«ሥራ የማይሠራ አዛዥ ማለት ነው።»

«ያለሱ ግን ሥራ የሚባል ነገር የለም» ብለው ጣታቸውን አወረዱ።

የመከፈልን ነገር ሲያስተምሩ ተማሪዎቹን ራሳቸውን ሴል ያደርጓቸው ነበር። አንዱን ግዙፍ ልጅ ዘበኛ ብለው ያቆሙታል። ትንሹን አስነባቢ ብለው እጁን ዘበኛው እንዲይዘው ያደርጋሉ። አስነባቢው የሚያስነብበው ገጽ «መጽሐፉን ገልብጡ፣ ልንከፈል ነው» የሚል ነው። ከውጭ መልእክተኛ መጥቶ «ምግብ አለ፣ ቦታ አለ፣ ማደግ ይቻላል» እስኪል ድረስ ዘበኛው እጁን አይለቅም። አንድ ቀን ታዲያ መልእክተኛው ገና በር ላይ ሳለ የእረፍት ደወል ተደወለ። ዘበኛው አስነባቢውን ለቆ ሮጠ፣ ክፍሉ በሙሉ ተጋፍቶ በበሩ ጎረፈ፣ አንድ ሁለት ወንበር ተሰበረ። መምህር ይግዛው ብቻቸውን ቀሩ። እኔ በመስኮት አይ ነበር። ወደ በሩ እየጠቆሙ ለባዶው ክፍል «ካንሰር ይሉሃል እንግዲህ ይኸው!» ብለው ጮኹ።

ከአስነባቢዎች ሁሉ የሚወዱት ግን አስቆሚውን ነበር። ፒ ሃምሳ ሦስት ይባላል። ሴሉ ውስጥ መጽሐፉ ሲቀደድ ይህ አስነባቢ ይነሳና «ቁም» የሚለውን ገጽ ያስነብባል። ቀዳዳው እስኪጠገን መከፈል የለም። የማይጠገን ከሆነ ሴሉ በክብር እንዲሞት የሚያዝዘውን ገጽ ያስነብባል። መምህር ይግዛው ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። በተማሪ ፊት እንዲህ የተመሰገነ ፕሮቲን ያለ አይመስለኝም። ለሚስታቸው ለእትዬ ውባለም እንኳ የዚህን ሲሶ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ያን ጊዜ ሰፈራችን አንድ እድር ብቻ ነበረው። እሳቸው ዳኛ፣ እኔ ጸሐፊ። ዳኝነታቸው እንደ ትምህርታቸው ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ ማን አጠፋ አይሉም። ጣታቸው ይቀሰራል፦ «የድንኳን አያያዝ አንቀጽ ይነበብ!» እኔ ተነሥቼ ከመተዳደሪያ ደንባችን አነባለሁ። ሰው ሲሳደብ፣ «የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ይነበብ!» አነባለሁ። አንብቤ ስጨርስ ተጣዮቹ ለምን እንደተጣሉ ረስተው ያንቀላፋሉ። በዚህ ዓይነት ስንት ጠብ እንዳለፈ ለመናገር ይከብደኛል። ሰው ግን ያማቸው ነበር፤ «ይነበብ» የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸው ደስ አላቸው። እኔን ደግሞ «አንባቢው ኤንዛይም» ይሉኛል፤ ክብር መሆኑን ሦስቴ ቢያስረዱኝም አልተዋጠልኝም።

ጠቡ የመጣው ከድንኳኑ ነው። ዕቃ ቤታችን በላይ ሰፈር ስለነበር፣ በታች ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይዘገያል የሚል ቅሬታ ተነሣ። ቅሬታው እውነት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ ዕቃ ቤቱን መሐል ማድረግ። ነገር ግን አቶ ጥሩሰው የሚባሉ የታች ሰፈር ባለ ወፍጮ ዳኛ የመሆን አምሮት ነበረባቸው፤ መሐል ላይ ደግሞ ትርፍ ዳኝነት የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ጥሩሰው ተነሥተው «ወንድሞቼ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ስለዚህ እንከፈል» አሉ። ሰዉም አጨበጨበ።

መምህር ይግዛው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሴል ከመከፈሉ በፊት ያለውን ሁሉ እጥፍ ያደርጋል» አሉ። «መጽሐፉን ይገለብጣል። ቅጂው አንዲት ፊደል ቢሳሳት ቆሞ ያርማል። ሁለት ከሆነ በኋላ ነው የሚለየው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ድንኳን ስንት አለን?»

«አንድ» አለ ጉባኤው።

«ብረት ድስትስ?»

«አንድ።»

«ጡሩምባ ነፊስ? አያ ምንይችልን ከወገቡ ልትከፍሉት ነው?»

«ኧረ እኔን ተዉኝ ጌታዬ!» አለ አያ ምንይችል ከኋላ።

«እንግዲያው እጥፍ እስክናደርግ ይቆይ። ስለ መከፈል የሚለው አንቀጽ ይነበብ!»

ተነሣሁ። ደንቡን ገና ከመክፈቴ አቶ ጥሩሰው «አንሰማም!» አሉ፤ ታች ሰፈር በሙሉ «አንሰማም!» አለ። ላይ ሰፈርም በእልኽ «እኛም አንሰማም!» አለ። በዕድሜዬ ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። መምህር ይግዛው ጣታቸው እንደተቀሰረ ወደ እኔ ያዩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ድንኳኑን እዚያው ቀደዱት። ሸራ ሰፊው አቶ አበረ መቀስ ይዞ መጣ፤ ባለሙያ ነውና መሐሉን በኖራ ክር መትቶ፣ ለማንም ሳያደላ ቆረጠው። እኩል ነበር። ችግሩ በሩ በአንድ በኩል መሆኑ ነው። በሩ ለታች ሰፈር ደረሰ፤ ላይ ሰፈር በር የሌለው ድንኳን ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ላይ ሰፈር ለቅሶ ሲኖር ቄሱም ሽማግሌውም ከሸራው ሥር በእንብርክኩ እየሾለከ ይገባ ነበር። ታች ሰፈር ድስቱን ወሰደ፣ ላይ ሰፈር ክዳኑን። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ጠብቀው ይዘዋል።

መምህር ይግዛው ዳኝነቱን ተዉ። ዓመት ሳይሞላ የሁለቱ ሰፈር ግማሾች ደግሞ ለሁለት ለሁለት ተከፈሉ። አቶ አበረ መቀሱን ይዞ ተመለሰ። በዚህም የላይ ላይ፣ የላይ ታች፣ የታች ላይ እና የታች ታች እድር አለን። እያንዳንዱ ዳኛ፣ ምክትል ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ማኅተም አለው። ድንኳናቸው ግን ሩብ ሩብ ነው፤ ሐዘንተኛው ተቀምጦ እግሩ ዝናብ ላይ ይውላል። አንድ ያልተከፈለ ነገር አያ ምንይችል ብቻ ነው፤ ለአራቱም ይነፋል።

መምህር ይግዛው በአንዱም አልመዘገብ አሉ። «እኔ ያልተከፈለው እድር አባል ነኝ» ይላሉ።

«እንዲህ ያለ እድር እኮ የለም መምህር» እላቸዋለሁ።

«እስኪኖር እጠብቃለሁ።»

ሰው ሳቀባቸው። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ ጤነኛ ነበሩና ጊዜ ያለ መስሎን ነበር።

ባለፈው ክረምት ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሆስፒታል ሄደው ሲመለሱ ልጠይቃቸው ገባሁ። አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እትዬ ውባለም እግራቸውን እያሹ ነው።

«ጨጓራዬ ላይ እጢ አለ» አሉኝ። «ክፉው ነው። አስቆሚው አስነባቢ ተበላሽቷል ማለት ነው ብዬ እገምታለሁ። ሐኪሙን ብጠይቀው እኛ ጋ ያንን የሚለይ ምርመራ የለም አለኝ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። መጽሐፉ ተቀዶ ይገለበጣል፣ ስህተቱ ይባዛል፣ ‹ቁም› የሚለውን ገጽ የሚያስነብብ የለም። የኛን ስብሰባ አስታውስ፤ እዚህ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው።»

«መምህር፣ ይህን ይተዉትና በአንዱ እድር ይመዝገቡ» አልኳቸው። «እኔ የላይ ታች ጸሐፊ ነኝ፣ ዛሬውኑ አስገባዎታለሁ።»

«በአንዱ ብገባ መቀሱን ባረክሁት ማለት ነው።»

እትዬ ውባለም እጃቸውን ከእግራቸው ላይ አነሱ። «አንተማ ትሞታለህ፣ ትገላገላለህ። የምቀረው እኔ ነኝ። ልጅ የለን፣ ዘመድህ ጉንደ ወይን፣ ዘመዴ አምበር። ማን ውኃ ይቀዳልኛል? ለማን ብዬ አልቅሼ ማን አይዞሽ ይለኛል? ለሳይንስህ?»

መምህር ይግዛው ጣታቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ ከብርድ ልብሱ ላይ ብዙም አልራቀችም።

«ውቤ» አሉ፤ «አንድ ሆነው ከመጡ ይቅበሩኝ። አንድ ሆነው ካልመጡ አይምጡ።»

እትዬ ውባለም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ወጣሁ። በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ እየሞተ ሚስቱን መከራ ውስጥ የሚጥል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት።

እንግዲህ ከደጀን ተነሥቼ የደረስኩት ወደዚህ ጉድ ነው። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። አራቱ ዳኞች በሟቹ ቤት ጣራ ጠፈጠፍ ሥር በተርታ ቆመዋል፤ ወደ ውስጥ የገባ የለም።

«ሐዘናችን ከባድ ነው» አሉ የላይ ላይ ዳኛ፤ «ነገር ግን አባል ያልሆነ ሰው ብንቀብር ነገ ሁሉ ሳይመዘገብ መሞት ይጀምራል።»

«ቤታቸው ያለው በላይ ታች ወሰን ነው» አሉ የታች ላዩ ዳኛ አቶ ጥሩሰው።

«ውኃ ልካቸው ነው በእኛ ወሰን። በራቸው ወደ ታች ላይ ነው የሚከፈተው» አሉ የእኛው ዳኛ።

እንዲህ ሲከራከሩ መሸ። ጎረቤት ያለ እድር፣ ያለ ጡሩምባ፣ በየግሉ ገብቶ ከእትዬ ውባለም ጋር አደረ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የመምህር ይግዛው የድሮ ተማሪዎች መምጣት ጀመሩ። ሐኪም አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ከዞን አንድ ኃላፊ በመኪና መጣ፣ አንዱ ባለ ሆቴል ሁለት በሬ ይዞ መጣ። አራቱ ዳኞች መኪኖቹን አዩ፣ በሬዎቹንም አዩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መምህር ይግዛው የአራቱም እድር መሥራች አባል ሆነው ተገኙ። አቶ ጥሩሰው «መመዝገቡን ያዘገየነው እኛ ነን፣ ልባችንማ መዝግቧቸው ነበር» እያሉ ለኃላፊው ሲያስረዱ በጆሮዬ ሰማሁ።

አራቱም ድንኳናቸውን አምጥተው ግቢው ውስጥ ተከሉ። አንዱ ከሌላው እንዳይነካካ ክፍተት ተውለት። ዝናቡ በአራቱ ሩቦች መሐል መሬቱን ይደበድበው ነበር። እንግዳው ግማሽ ትከሻው በአንዱ እድር ደርቆ፣ ግማሹ ደጅ ሆኖ ይርሳል። ኃላፊው ጃንጥላ ዘርግቶ ቆመ። ለፍትሐት የመጡት ቄስ የቱ ጋ እንደሚቆሙ ጠፍቷቸው በዝናቡ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ያን ጊዜ እትዬ ውባለም ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ዓይናቸው ደርቋል። ደጃፉ ላይ ቆመው አራቱን ዳኞች ተራ በተራ አዩ።

«ስፉት» አሉ።

«ምኑን እትዬ?» አሉ አቶ ጥሩሰው።

«ድንኳኑን። ካልሰፋችሁት አስከሬኑ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«የእድሮቹ ጠቅላላ ጉባኤ ሳይወስን…» ብለው የላይ ላይ ዳኛ ጀመሩ።

«እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ። ሬሳው ሲሸት ጉባኤያችሁን ጥሩ።» ያሉትን ብለው በሩን በጀርባቸው ዘጉት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ የተንቀሳቀሰው አቶ አበረ ነው፤ ማንንም ሳይጠይቅ ከቤቱ የጆንያ መርፌና ሲባጎ አምጥቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ሸራዎቹን ጎትቶ አገናኘ፣ በሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ መስፋት ጀመረ። አንዲት ሴት አንዱን ጫፍ ያዘችለት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ገቡ። አቶ ጥሩሰውም ምን ያድርጉ፣ ምሰሶ ያዙ። ሰፍተው ሲያቆሙት ጠባሳው በመስቀል ቅርጽ ይታይ ነበር፤ ትንሽም ያፈስሳል። ሰፈሩ በሙሉ ግን ሥሩ ገባ። አያ ምንይችል «የመምህር ይግዛው ቀብር ነው፣ ውጡ!» ብሎ የእድር ስም ሳይጠራ ነፋ። ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ለቅሶዬን ያፈነዳውም ያ ደስታ ነው። እሳቸው ቢያዩት ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዱን ነበር።

በሠለስቱ ዕለት በዚያው ድንኳን ሥር ተሰብስበን፣ ሁሉም ተነሥቶ በየተራው ስለ አንድነት ተናገረ። አቶ ጥሩሰው አለቀሱ። እድሮቹን የሚያዋህድ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት እሑድ ተሰበሰበ። የማን ዳኛ ዳኛ ይሁን በሚለው ላይ ተለያየ። አራቱ እድሮች ስፌቱ ተተርትሮ ሩባቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ አቶ አበረም ተረተረላቸው። በዚህ የተቆጣን ሰዎች፣ ለመምህር ይግዛው ዓላማ ታማኝ የሆንን ሰዎች፣ ከየእድራችን ወጥተን በስማቸው አዲስ እድር አቋቋምን፦ «የመምህር ይግዛው የአንድነት እድር»። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ድንኳን ገና የለንም።

የምሥራቹን ለእትዬ ውባለም ልነግር ሄድኩ። እሳት ዳር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ዓላማችንን፣ አርማችንን፣ ለእሳቸውም የክብር አባልነት እንደወሰንንላቸው። እስክጨርስ ቀና አላሉም።

«አሁን ስንት ሆናችሁ?» አሉኝ።

«አምስት።»

ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አንስተው ጣሉ።

«እሱ አንድ ሁኑ እያለ ሞተ» አሉ። «እናንተ አንድ ጨመራችሁ።»

የመምህር ይግዛው ስም የተቀረጸበትን አዲሱን ማኅተም ላሳያቸው ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ሳላወጣው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።